ቀይ ክር ያለበት ገመድ

ሰኔ 3፣ ቅዳሜ፣ ማታ

አዲሱ በሬ ቀንዱን ግንዱ ላይ ይፍቃል። ዳልቻ ነው፣ ጉልበተኛ። አባባ ዛሬ ለማኅበሩ የገዛው። ማኅበራችን ብር አያበድርም፤ ወለድ ሐራም ነው። በሬውን ራሱ ገዝቶ፣ ትንሽ አትርፎ ለአባሉ ይሸጣል። አባሉ አዝመራ ሲገባ ይከፍላል። ለማኅበሩ የሚገዛው አባባ ነው። ይኸኛው የእትዬ ዘሃራ ይሆናል። ባሏ ሞቷል። መሬቷ ሳይታረስ ሰኔ ገባባት።

ልታየው መጣች። ጥርሱን ገልጣ አየች፣ ጀርባውን ዳበሰች፣ ሳቀች። እኔ በሩ ሥር ተሸጎጥሁ። «ጦይባ፣ አፍሽን ገበያ ረሳሽው ወይ?» አለችኝ። አባባ አሁኑኑ ውሰጂው አላት። ነገ፣ በማኅበሩ ሰብሳቢ በሸኽ እንድሪስ ፊት አለች። ልክ ነች። የማኅበሩ ገመድ ቀይ ክር አለበት። ያ ተፈትቶ የሷ ገመድ ሲታሰር ነው በሬው የሷ የሚሆን።

ሰኔ 4፣ እሑድ፣ ጠዋት

አባባ አዲሱን በሬ ከራሳችን በሬ ከቦራ ጋር አንድ በረት አስገብቶት ነበር። እማ አይተዋወቁም፣ ለያቸው ብላው ነበር። አልሰማም። ጎህ ሲቀድ በረቱ ተናጋ። ቦራ ገመዱን በጥሶ ዳልቻውን ግድግዳ ላይ ሰክቶታል። ቀንዱ ሆዱ ውስጥ። ሲነቅለው አንጀቱ ተከትሎ ወጣ። አባባ ቢስሚላህ ብሎ ሳይሞት አረደው። ደሙ እስከ ደጅ ወረደ። ቦራ ደሙን እያሸተተ ያገሳል።

ከዚያ አባባ ቀይ ክር ያለበትን ገመድ ፈትቶ ጭድ ውስጥ ቀበረው። ዞር ሲል አየኝ።

እዚያው ቀን፣ ከሰዓት

እትዬ ዘሃራ ገመዷን ትከሻዋ ላይ ጥላ መጣች። ሥጋውን አየች። አባባ ትናንት ተረክበሽ ገመድሽን አስረሽ፣ ይደር ብለሽኝ ነው የሄድሽ፤ የሞተው ያንችው በሬ ነው አላት። ይኸ ትከሻዬ ላይ ያለው ገመድ ታዲያ አለችው። ያ ሌላ ነው አለ። «አላህን አትፈራም አንተ!» ገመዱን ፊቱ ላይ ወረወረችው። ገፈተራት። ደሙ ላይ ወደቀች።

ሰኔ 5፣ ሰኞ

ት/ቤት አልሄድሁም። ያየሁትን ለእማ ነገርኋት። አባባ ከበስተጀርባዬ ቆሞ ኖሯል። በጅራፍ ገረፈኝ። ጀርባዬ እሳት ሆኗል፤ በሆዴ ተኝቼ ነው የምጽፈው። አፍሽን ብትከፍች እንደ በሬው ነው የማደርግሽ አለ። ቀጥሎ ራሱ አለቀሰ። ጥፋቱ የሱ ነው ከተባለ ቦራን ሸጦ ይተካል። እኛስ በምን እናርሳለን? እጠላዋለሁ። አባቴ ነው።

ሰኔ 7፣ ረቡዕ

የማኅበሩ ስብሰባ። ሴቶቹ ከኋላ ተቀመጥን። ሸኽ እንድሪስ ርክክቡን ያየ ካለ ይቁም አሉ። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳ ድምፄ አይወጣም። አልቆምሁም።

የእትዬ ዘሃራ ወንድም አባባን አማና በላ፣ አደራ በላ አለው። ዱላ። የአባባ ግንባር ተፈነከተ። አባባ ቢላ መዘዘ። ሰው ሳይወጋበት ቀሙት። ሽማግሌዎች መሐል ገብተው ተረገጡ። የአንዱ ጥርስ ረገፈ። ማኅበራችን ይኸ ነው? ሸኹ እጃቸውን አንስተው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አሉ። ምስክር ከሌለ አባባ ቁርአን ይዞ ይምላል። ከማለ ዕዳው የእትዬ ዘሃራ ነው።

ሊምል ነው። በውሸት።

ሰኔ 9፣ ዓርብ

ከጁምዓ በፊት ለውዱእ ሲታጠብ ውኃ አፈሰስሁለት። ግንባሩ እንደታሰረ ነው። አላየኝም። ወጣ።

ጭዱን በረበርሁ። አገኘሁት። ደሙ ደርቆ ገመዱ እንደ እንጨት ተገትሯል። ቀዩ ክር ግን ይታያል። ሻርፔ ውስጥ ጠመጠምሁት፤ የተላጠ ጀርባዬን ይፈገፍጋል። ድምፅ ባይወጣኝም ሸኹ እግር ሥር አስቀምጠዋለሁ። ገመዱን የማያውቅ አባል የለም፤ ደሙም በሬው ሲሞት በማኅበሩ ገመድ እንደነበር ይናገራል።

እማ በሩ ላይ ቆማለች። ከሻርፔ ሥር ያበጠውን አየችው። ልትከለክለኝ መስሎኝ ነበር። ከበሩ ዞር አለችልኝ።

ሶላት ሊያልቅ ነው። ልሂድ