ደንበኛ ሥራ ነው ወይ?

ለውድ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? አሁንም ጥቁር ሰሌዳው ፊት ትቆማለህ ወይስ እንደ ዳኛ ተቀምጠህ ነው የምታስተምረው? እትዬስ ደህና ናት? የእናታችን ጆሮ ባሰበት ወይስ እንደ ድሮው መስማት የምትፈልገውን ብቻ ነው የምትሰማው? የመንትዮቹን ደህንነት አልጠይቅህም፤ ደብዳቤህ ጠርዝ ላይ ቀለም የነካ ጣት ታትሞ አይቻለሁ። የማንኛቸው እንደሆነ ግን አልለየሁትም። እኔ ደህና ነኝ። እግሬ ሲመሽ ያብጣል እንጂ ሌላው አካሌ ቅሬታ የለውም። ልጅህም ደህና ናት፤ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትከራከራለች። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩልህ የቀረውን ስታነብ ልብህ እንዳይሰቀል ነው።

ደብዳቤህን ባንኮኒው ጀርባ ቆሜ አነበብኩት። ረጅም ነው፣ ጥያቄው ግን አንድ መስመር ነው፦ «ንግድ ለሴት ልጅ ደንበኛ ሥራ ነው ወይ?» የጤና ኮሌጁ ተቀብሏታል፣ ምዝገባው በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፣ እሷ ደግሞ የንግድ ሥራ ትምህርት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች፤ ለእረፍት አንቺ ዘንድ ከመጣች ወዲህ ጭራሽ ብሶባታል፤ እንግዲህ አንቺ ያልሽው ይሆናል ትለኛለህ። አንቺ ያልሽው ይሆናል። ከአንተ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም፤ ወረቀቱን ገልብጬ ሌላ ሰው ጽፎት እንደሆነ አየሁ።

«ደንበኛ» የምትለዋ ቃል ግን አሳቀችኝ። በእኛ መንገድ ደንበኛ ማለት በሩን ገፍቶ የሚገባ፣ ጨርቁን የሚደባብስ፣ «ተመልሼ እመጣለሁ» ብሎ የሚሄድ ሰው ነው። በአንተ አፍ ደግሞ ትክክለኛው፣ ቀጥ ያለው፣ ሰው ፊት አፍ ሞልቶ የሚነገረው ነው። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በፊተኛው ነው። ስለ ኋለኛው ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ሰው ገባ። ቆይቼ እቀጥላለሁ።

ተመለስኩ። ስስ መጋረጃ ነበር የፈለጉት። ነጭ ነው ብንላቸው፣ ይሄ ነጭ አይደለም ብለው ሄዱ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ እንዲህ እየተቆራረጠ ነው፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ሐሳቤም እንደዚያው ነው። ትናንት «አዎ» ብዬ ጀምሬ ቀደድኩት፤ ዛሬ ጠዋት «አይሆንም» ብዬ ጀምሬ ያንንም ቀደድኩት። ሁለቱም እውነት ይመስሉ ነበር።

የምታውቀው ሱቅ አይምሰልህ፤ አንተ ካየኸው ወዲህ ሰፍቷል። ጣቃዎቹ በሁለቱም ግድግዳ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፣ ዘንጎቹ ጥግ ላይ ቆመዋል፣ መሰላሉ ያው የድሮው ነው፤ አንድ እግሩ ሥር የተጣጠፈ ካርቶን አለ። መጋረጃ ሰፊዋ ፎቅ ላይ ናት፤ ማሽኗ ሲቆም ወይ ክር ተበጥሷል ወይ ወሬ ተጀምሯል። ከጎናችን መስታወት ሻጩ አለ። ሥራ ሲቀዘቅዝ በራፌ ላይ ቆሞ፣ «አንቺ ሰው እንዳያይ ትጋርጃለሽ፣ እኔ እንዲያይ አሳያለሁ፤ ታዲያ ማን ይጸድቃል?» ይለኛል። «ማናችንም» እለዋለሁ።

ልጅህ እዚህ በመጣች ሰሞን አንዲት ሴት አበባ ያለበትን ጨርቅ አንስታ፣ «ቤቴ ላይ ያምራል?» ብላ ጠየቀቻት። እኔ ብሆን ዓይኔን በጨው አጥቤ «ላንቺ የተሠራ ነው፣ የኔ ቆንጆ» እላለሁ። ያንተዋ ወይዘሪት ለምን፣ ስሙን ያወጣህላት አንተው ነህና እዳው ያንተ ነው፣ «ቤትሽን ሳላይ እንዴት አውቃለሁ?» አለቻት። ሴትየዋ ወደ እኔ ዞራ፣ «ይቺን ደግሞ ከየት አመጣሻት?» አለችና ወጣች። አልተመለሰችም። ተናደድኩ። ልጅህ ግን ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ «አክስቴ፣ ታዲያ ለምን ሄደን አናይላቸውም?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቤት ለቤት እየሄደች መስኮት ትለካለች። ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚገባ፣ አልጋው የት እንዳለ፣ ማን መጀመሪያ እንደሚነሳ ጠይቃ ትመጣለች። ለሥራው ጥሩ ሆነ፤ ይህን አልክድህም።

ምላሷንም ታውቀዋለህ። ጅምላ አከፋፋዩ በስልክ «ባለቤቱን አገናኚኝ» ይላል ሁልጊዜ፤ «እኔ ነኝ» ስለው «አይ፣ ባለቤትሽን ማለቴ ነው» ይለኛል። እኔ ለምጄው ነበር፤ ወጥቷል እያልኩ አልፈዋለሁ። ባለፈው ስልኩን እሷ አነሳችና፣ «ጌታዬ፣ የሱቁን ባለቤት ከሆነ እሷው ናት፤ የእሷን ባለቤት ከሆነ ግን እኛም እየፈለግን ነው፣ ካገኙ ይላኩልን» አለችው። መስታወት ሻጩ በሩ ላይ ሆኖ ሰምቶ ግድግዳ ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሳቁ ካለቀ በኋላ ግን ጣቃ ለማውረድ መሰላሉ ላይ ወጣሁና ምን ልወስድ እንደወጣሁ ጠፋኝ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ፤ መልሴ ያለው እዚህ ውስጥ ነውና።

ከመንገዱ ማዶ ጡረታ የወጡ አንዲት ታይፒስት አሉ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከሁሉ ወፍራሙን፣ ወለል የሚነካ መጋረጃ አዘዙ። ልጅህ ልትለካ ሄደች። መጋረጃውን የፈለጉለትን መስኮት ስትከፍት፣ እጇን ብትዘረጋ የምትነካው ግድግዳ ነው፤ ጎረቤት ፎቅ ሠርቶ ደፍኖባቸዋል። ይቺም፣ ደግ ሥራ የሠራች መስሏት፣ «እማማ፣ ይሄ መስኮት እኮ የሚያየው ግድግዳ ነው። ምኑን ሊጋርዱበት ነው? ገንዘብዎን ለሌላ ያውሉት» አለቻቸው። እሳቸውም «ልክ ነሽ ልጄ» ብለው ውኃ አጠጥተው ሸኟት። ፊቷ በርቶ መጥታ ነገረችኝ። ጨርቅ እየቆረጥኩ ነበር፤ መቀሱ እጄ ላይ ቆመ።

«አንቺ ልጅ፣» አልኳት፣ «ግድግዳውን የማያውቁት መሰለሽ? የሚጋርዱት ከእሱ አይደለም፤ ከሚመጣባቸው እንግዳ ነው። መጋረጃው ከተዘጋ፣ መስኮቱ መስኮት ነው። አንቺ ሄደሽ ግድግዳ አደረግሽባቸው።»

ለምን ብላ አልጠየቀችም። ፎቅ ወጣች፤ የሰፊዋ ማሽን እንኳ ቀጥ አለ። በማግስቱ ጠዋት ሳልልካት ሜትሩን ይዛ ወጣች፤ ስትመለስ ልኩን በእጇ ላይ ጽፋ መጣች። ምን ብለሻቸው ነው አልኳት። «ትናንት አላስተዋልኩም ነበር፣ በቀኝ ጥግ በኩል ሰማይ ይታያል፣ መጋረጃው ወደዚያ ቢከፈት ጥሩ ነው አልኳቸው» አለችኝ። «ይታያል ወይ?» አልኳት። ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳታነሳ፣ «ጎንበስ ካሉ» አለች።

ጋሼ፣ ይህ ውሸት ነው ወይስ ርኅራኄ? አንተ አስተማሪ ነህ፣ ትለየው ይሆናል። እኔ መለየት ከተውኩ ቆይቻለሁ። ለሁሉም «የኔ ቆንጆ» እላለሁ፣ ለሁሉም «ያምርብሻል» እላለሁ። ባለፈው ሐኪሙ እግሬን እያየ ዝም ሲል፣ ዝምታውን ለመሙላት «ቀለሙ ይሄድልዎታል» ልለው ምንም አልቀረኝም። ምላስ እንደ ጨርቅ ነው፤ ብዙ እጅ ሲደባብሰው ይሳሳል። ልጅህ ያቺን «ጎንበስ ካሉ» ስትል ደስ አለኝ፤ ደስታው ሳያልቅ ደግሞ ፈራሁ። ከእኔ ተማረችው ይሆን? ወይስ እኔ የሌለኝ ነገር ነው? እኔ ብሆን «ሰማይ ይታያል» ብዬ እሸጥላቸው ነበር፤ ጎንበስ ብዬ አላይም ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ስንበላ፣ «መድኃኒት ቤት ብትሠሪ ምን አለበት? ንጹሕ፣ የተከበረ፣ ወንበር ያለው ሥራ ነው» አልኳት፤ ያንተን ቃል ነው የነገርኳት። «እዚያ የሚመጣው ሰው የሚፈልገውን ሐኪሙ ጽፎ ሰጥቶት ነው» አለችኝ። «ሰው ራሱ የሚፈልገውን ሳያውቀው ሲገባ ነው እኔ የምወደው።»

እንግዲህ ልመልስልህ። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር እወቅ። ምስክር አድርገህ ጠርተኸኛል፤ እኔ ግን ባለጉዳይ ነኝ። ጠዋት ጠዋት በሩን ከውስጥ የምትከፍትልኝ እሷ ናት። ሁለት ብርጭቆ ማጠብ ለምጃለሁ። «አዎ፣ እዚሁ ትቅር» ብዬ ብጽፍልህ ለእሷ ብዬ ይሁን ለራሴ ብዬ አላውቅም። ሁለቱን ወረቀት የቀደድኩትም ለዚህ ነው።

ንግድ ደንበኛ ሥራ ነው። እግር ያሳብጣል፣ «ባለቤትሽን ጥሪ» ያሰኛል፣ ስትታመም የሚተካህ የለም፣ የሰው ፊት ደግሞ አንዳንድ ቀን እሳት ነው። ግን ተነሽ የሚለኝ፣ ተቀመጪ የሚለኝ ሰው የለም፤ ሰፊዋም ልጆቿን የምታሳድገው ከዚህ ቤት ነው። ልጅህ ደግሞ ከእኔ የተሻለች ትሆናለች። ስለዚህ የንግድ ሥራ ትምህርቱን ፍቀድላት፤ እዚያው እናንተ ከተማ አለ፣ ከቤቷ ሆና ትማር። እኔ ዘንድ ግን አትላካት፤ ተምራም ብትጨርስ ቶሎ አትላካት። ባንኮኒዬ ጀርባ ከቆመች ንግድን ሳይሆን እኔን ነው የምትማረው።

ቅድም ለእሷም ነገርኳት። ትምህርቱን ሰምታ ዘለለች፤ ሱቁን ስነግራት «ለምን?» አለች። ሱቁ ለሁለት ሰው ይጠባል አልኳት። አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር ፈታች፣ ከባንኮኒው ጀርባ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ዘረጋችው፣ ዝቅ ብላ አነበበችና፣ «ሁለታችንንም ይይዛል አክስቴ፣ ትርፍም አለው» አለች። ወደ ጣቃዎቹ ዞሬ ያልተዛነፈውን አቃናሁ።

ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ ትሳፈራለች። ይህን ደብዳቤ በፖስታ የምልከው ከእሷ ቀድሞ እንዲደርስህ ነው። ስትገባ ወዲያው አትጠይቃት፤ ትጠጣ፣ ታርፍ፣ ራሷ ትጀምር። ድምፅህንም ከፍ አታድርግ፤ ከፍ ካደረግክ ትረታሃለች።

እትዬን በእኔ ስም ጉንጯን ሳምልኝ፤ የላከችው ሹራብ ልኬ ነው፣ እጅጌው ብቻ ረዘመ፣ አጥፌ እለብሰዋለሁ በላት። እናታችንን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ልጅሽ ደህና ናት፣ ወፍራለች ብለህ በቀኝ ጆሮዋ ንገራት፣ እሱ ነው የሚሰማው። መንትዮቹን፣ ቀለም የነካውንም ያልነካውንም፣ እኩል ሳምልኝ። ለጎረቤታችሁ ለአናጢው፣ የሠራልኝ መደርደሪያ እስካሁን አልተንጋደደም በልልኝ።

ለልጅህ ሰላምታ አልጽፍም። ገና እዚህ ናት፤ ፎቅ ላይ ከሰፊዋ ጋር ስትስቅ ይሰማኛል።

እህትህ

ከሱቁ፣ ከባንኮኒው ጀርባ
ሐሙስ ከሰዓት፣ ወሩ ሊያልቅ ሲል