ራስጌዋ ከመስመሩ ወዲህ ነው

ለማትጠገቢው እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ጀመረ? የባልሽ ሳልስ ለቀቀው ወይስ እንደ እልኸኛ ተከራይ አልወጣም አለ? እኛ ሦስታችንም ደህና ነን፤ እኔን ከንዴት በቀር የሚያመኝ የለም።

ከከተማው መሀል ኪራይ አባሮን እንደወጣን ታውቂያለሽ። ደላላው ይህን ሰፈር ሲያሳየን፣ ኪራዩ እኩሌታ ነው፣ ትምህርት ቤቱም ቤተ መጻሕፍት ያለው፣ አስተማሪው በሰዓቱ የሚገባበት ነው ብሎ ማለልን። አልዋሸም። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ዋጥ አደረገብን።

ልጃችንን ልናስመዘግብ ስንሄድ መዝጋቢዋ ካርታ ዘረጋች። ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ከመስመሩ ወዲህ የሚተኛ ልጅ እዚያው ይማራል፤ ወዲያ የሚተኛ ወንዝ ማዶ ይሄዳል። የማዶው ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ካየ ሁለት ዓመቱ ነው። መስመሩ ታዲያ ሌላ መንገድ ያጣ ይመስል በቤታችን መሀል ያልፋል። ኩሽናው ወዲህ፣ መኝታ ቤቱ ወዲያ። ልጅቷ የት ነው የምትተኛው ብትል፣ ያ ሐቀኛ ባሌ፣ «መኝታ ቤት ነዋ፤ ሰው ሌላ የት ይተኛል?» አላት። መዝገቡ ተከደነ። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይላሉ፤ እሱ እውነት ተናግሮ ልጁን ወንዝ ማዶ ሊያሳድራት።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ እታለም። ልብስ ሲጠብ ጨርቁን እተረትራለሁ እንጂ ባለቤቱን አልቆርጥም። እነዚህ ግን መቀሱን ልጅ ላይ ያነሳሉ።

በማግስቱ አልጋዋን ከመኝታ ቤት ነቅዬ ኩሽና ተከልኩት። ድስቶቹ ደንግጠው መደርደሪያ ላይ ወጡ። «አልጋችን አድራሻ ስለቀየረ» ብዬ አዲስ ማመልከቻ አስገባሁ። አጣሪ ተላከብን፤ ሜትር የያዘ፣ ሣቅ የማያውቅ ሰውዬ። ኩሽናው ጠባብ ስለሆነ የአልጋው ጫፍ በበሩ ወደ መኝታ ቤቱ ወጣ ብሏል። ለካ፣ ደግሞ ለካ፣ ከዚያም «ራስጌው ክልሉ ውስጥ ነው፤ ግርጌው ግን ውጭ ነው» አለ። እኔም፣ «ጌታዬ፣ የሚማረው ጭንቅላቷ ነው፤ እግሯን ማዶ ይመዝግቡልኝ» አልኩት። ባሌ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ሰውዬው ወረቀቱ ላይ «ራስጌ፦ ወዲህ» ብሎ ጽፎ ፈረመ።

ልጄ ገባች። አንጀቴ ግን አሁንም እንዳረረ ነው። ግድግዳ የምንጋራው ጫማ ሰሪ ልጅ አለችው፤ ከኛዋ ጋር እኩያ ናት። የነሱ ቤት ከነኩሽናው ወዲያ ነው። ሁለቱ ልጆች ግድግዳውን እያንኳኩ ይጫወታሉ፤ ጠዋት አንዷ ወደ አስተማሪ፣ አንዷ ወደ ባዶ ወንበር ይሄዳሉ። የልጅ ዕድል በማስመሪያ ይሰመራል?

ትናንት የጫማ ሰሪው ሚስት ፍራሽ ጠቅልላ በራችን ላይ ቆመች። ምድጃውን አውጥቼ በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት፤ በእሱ ቦታ የልጇ ፍራሽ ተነጠፈ።

ለባልሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ የአማትሽንም ጉልበት ሳሚልኝ። መንታዎቹን አገላብጠሽ ሳሚና፣ አክስታችሁ ራስጌና ግርጌያችሁን ለዩ ብላለች በያቸው። ለጥየቃ ስትመጪ ቦታ ይጠባል ብለሽ አትሳቀቂ። አንቺ ትምህርትሽን ስለጨረስሽ መኝታ ቤት ብትተኚ የሚከለክልሽ የለም።

ታናሽ እህትሽ
ከበረንዳው፣ ከምድጃው አጠገብ
መስከረም 19 ቀን