ላስቲኩ ያልተነሳለት ብስክሌት

ሰኞ

ገዛሁት! ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ እየተነሳሁ አየዋለሁ።

ጦር ኃይሎች ያለው ሻጭ ገና ስገባ ሮዝ ቀለም ያላት፣ ከፊቷ ቅርጫት የተገጠመላት ብስክሌት አወጣልኝ። የሴት ይቺ ናት አለ። እኔ የአስኮን ዳገት ልወጣ አስባለሁ፣ እሱ ሽንኩርት ሊያስገዛኝ። ከኋላ ያለውን አረንጓዴውን አምጣ አልኩት። ማውንቴን ባይክ ነው፣ እሱም ለሴት የተሠራ፦ አጠር ያለ፣ ጎማው ወፍራም፣ ማርሹ ዳገት የሚችል። ተቀምጬ ሁለቱም እግሮቼ መሬት ሲነኩ አለቀ፣ ልቤ እዚያው ቀረ።

እማዬ በር ላይ ዙሪያውን እየዞረች አየችው። ዕድሜዋን ሙሉ ሱቅ ነበራት፤ ዕቃ ስታይ መጀመሪያ የሚታያት መልሶ መሸጡ ነው። የኮርቻውን ላስቲክ ልቀድ ስል እጄን ያዘችኝ። ላስቲኩ የተነሳ ዕቃ አሮጌ ነው፣ ማንም በአዲስ ዋጋ አይወስደውም አለች። ከዚያ ውሏን ነገረችኝ። አንድ ጊዜ ከወደቅኩ ይሸጣል። እሺ አልኩ፣ ምን ልበል?

እኛ ቤት እኮ ሪሞቱም ሶፋውም በላስቲክ ነው። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስንት ዓመት የተቀመጠው ላስቲኩ ላይ እንጂ ሶፋው ላይ አይደለም።

ማክሰኞ

ፍሬኑ ይርቀኛል። ጣቶቼ አጫጭር ናቸው፣ የእማዬ ጣቶች። የሥራ ጓደኛዬ ሰናይት አብራኝ መጣችና በትንሽ መፍቻ ወደ መሪው አስጠጋችልኝ። በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ብስክሌት ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ በራሷ አሮጌ ብስክሌት። የፕላስቲኩን ፔዳል ጥርስ ባለው ብረት ቀየርነው። ኮርቻውንም ትንሽ ዝቅ አደረግነው። ላስቲኩን ስታይ ሳቀች፣ እኔ ደግሞ በዓይኔ ወደ መስኮቱ ጠቆምኳት። እማዬ እዚያ ነበረች። እኛን እያየች አይደለም፣ መጋረጃ እያስተካከለች ነው።

እሁድ ከሰናይትና ከጓደኞቿ ጋር አስኮ እሄዳለሁ። ፈራሁ። ደስ ብሎኛልም።

ሐሙስ

ወደቅኩ።

ካፊያ ነበር። ኮብልስቶኑ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ልይዝ ስል የመሪው ላስቲክ መዳፌ ውስጥ ዞረ፣ ኮርቻውም አዳለጠኝ። ጉልበቴ ተላጠ። ከራሴ በፊት ያየሁት ብስክሌቱን ነው፤ ደህና ነው።

ቤት ስገባ ረጅም ቀሚስ ለበስኩ። እራት ላይ እማዬ አየት አደረገችኝና ተነስታ የቁስል ቅባት አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ለራሴ ብቻ ብዬ የገዛሁት የመጀመሪያ ነገር ነው። ብሸጠው ያንገበግበኛል። እሷን አስከፍቼ መንዳት ደግሞ አልችልም።

ዓርብ

አልነዳሁም። ሰናይት ደውላ እሁድ ትመጫለሽ ወይ አለችኝ። ካልተሸጠ አልኳት።

ቅዳሜ

ከሥራ ስገባ ኮሪደሩ ባዶ ነው። ሸጠችው አልኩ። እማዬ ናት፣ ከፈለገች ገዢ አታጣም።

ጓሮ ሄድኩ። በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፣ እጇ ላይ መቀስ፣ ከፊቷ ብስክሌቱ። ላስቲኩ እግሯ ሥር ተከምሯል። ከኮርቻው፣ ከመሪው፣ ከዘንጎቹ፣ አንድ ቁራጭ አላስቀረችም።

«መሪውን ጨብጬ ሞከርኩት» አለች ቀና ሳትል። «ያንሸራትታል። የጣለሽ ይሄ ነው።»

አሁን ማን ይገዛዋል ታዲያ አልኳት።

«ማንም አይገዛውም። የአንቺ ነው።»

አቀፍኳት። ሂጂ ወዲያ፣ በላብሽ አለችኝ። ሄልሜት ሳላደርግ ከበሩ እንደማልወጣም ጨመረችበት።

እሁድ

አስኮ ደረስኩ! ዳገቱ አጋማሽ ላይ ወርጄ ገፋሁ፤ ሰናይት አላሾፈችብኝም፣ ትንሽ ብቻ። ስመለስ ቁልቁለቱን ከብስክሌቱ ሳልወርድ፣ ሳልወድቅ ጨረስኩት። እጄ መሪውን ግጥም አድርጎ ይዞታል። ሳልጮህ አልቀረሁም።

እማዬ በር ላይ ነበረች። ከቤተ ክርስቲያን ገና አሁን መግባቴ ነው አለችኝ፤ ግን የቤት ጫማ አድርጋለች።

ገብቼ ሶፋው ላይ ዘፍ አልኩ። ያ የላስቲክ ሲጥሲጥታ የለም። እጄን ሰደድኩ፤ ጨርቅ ነው። እዚህ ቤት አድጌ ለስላሳ መሆኑን አላውቅም ነበር።

እማዬ ሻይ ይዛልኝ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ጨርቁን በመዳፏ ቀስ ብላ ዳበሰችው።

«አባትሽ ሳይቀመጥበት ቀረ» አለች።

ልብሴ ጭቃ በጭቃ ነበር። አይታዋለች። ሻዩን አቀበለችኝ።