ለሰይድ ይግባኝ የመጣው መልስ

ሸዋ ሮቢት፣ ጥቅምት 17 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይህን የምጽፈው በደስታ ሰክሬ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ዛሬ ከናይሮቢ ደወለ። ባለሱቁ ጋሼ እንድሪስ «ስልክ!» ብለው ሲጣሩ፣ የምለቅመውን ሽንኩርት በትኜ ሮጥኩ።

«እታለም፣ ተቀበሉኝ! ስደተኛ መሆኔን አመኑልኝ!» እያለ ይጮኻል።

አምና የስደተኞች ቢሮው ሰዎች ሲከለክሉት ተስፋ ቆርጦ ነበር። ለካ አስተርጓሚው፣ ሰይድ እዚህ አገር ታስሮ እንደነበር ጨርሶ አልነገረለትም። ይግባኝ የማለትና ሌላ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት እንዳለው አብሮት የሚኖር ሰው ነገረው። ጠየቀ፤ የደረሰበትን ሁሉ እንደገና አስረዳ።

«ከእንግዲህ ማንም በግድ ወደ አገርህ ተመለስ ሊለኝ አይችልም፤ መብቴ ነው!» አለኝ። ከዚህ ሲሄድ እኮ በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው!

እየበረርኩ ሄጄ ለእማ ነገርኳት። «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ሱጁድ ወረደች። ቀና ስትል ፊቷ በርቷል።

«እንግዲህ ነጻ ከወጣ መቼ ነው የሚመጣልኝ?» አለችኝ።

የተቀበሉት እዚህ መመለስ ስለማይችል መሆኑን እንዴት አድርጌ ልንገራት?

«ድምፁ ወፍሯል፣ እማ» አልኳት። «የጠገበ ሰው ድምፅ ነው።»

ከት ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።