እናቴ ያጠበችው ዶሮ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዛሬም አላለቀስኩም። ከቤሩት ከመጣሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። አባባ ከሞተ ደግሞ ዓመት ከአራት ወር። እዚያ ሳለሁ ማንም አልነገረኝም። በመጣሁ ማግስት በማለዳ ጎረቤቱ ተሰብስቦ መጣና መርዶውን ሰማሁ። ሁሉም አለቀሰ። እኔ ለዚህ ሁሉ ሰው የሻይ ብርጭቆ ይበቃል ወይ እያልኩ እቆጥር ነበር።

እማ ፈርታኛለች። "እንባ ሆድ ውስጥ ሲቀር በሽታ ይሆናል" ትላለች። ሰፈሩም "አረብ አገር ልብ ያደርቃል" እያለ ያማኛል። ይሙኝ። ማልቀስ እፈልጋለሁ፤ አይመጣም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

እጄ ሥራ ለምዶ መቀመጥ አቃተው። ስለዚህ ዶሮ ልሥራ አልኩ። ማዳም ቤት አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ያስተማረችኝ፣ በሶያ ሶስ ተዘፍዝፎ፣ ማር ተቀብቶ ኦቨን የሚገባው።

ሶያ ሶስ ሰባተኛ ሰፈር ሄጄ አገኘሁ። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሰሊጥና ዶሮውን በመንገዴ ገዛሁ። ማር ቤት አለ። የሚያርድ ወንድ ግን ቤት ውስጥ የለም። በር ላይ ቆሜ ጎረቤታችንን ጋሽ ኸይሩን ጠራኋቸው።

"የኛንም የሚያርድልን አባትሽ ነበር፤ አላህ ይዘንለት" አሉ ቢላዋውን እያበሱ። እንባዬን ጠበቅሁት። ምንም። አመስግኜ ላባውን ነጨሁ።

ኦቨኑ እኔ በላክሁት ብር የተገዛ ነው። ስከፍተው አንሶላ፣ የእንግዳ ሳህን፣ አንድ ኪሎ ስኳር። አንድ ቀን እንኳ በርቶ አያውቅም።

ዶሮውን ሙሉውን ዘፈዘፍኩት። እማ "ብልቱ ሳይወጣ?" ብላ አፏን ያዘች። ፍሪጅ አስገባሁት። እስከ ነገ ሶሱን ይጠጣ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

እናቴ ላይ ጮህኩ።

ከውጭ ስመለስ ዶሮው ነጭ ሆኖ ማጥለያ ላይ ተቀምጧል። እማ በሎሚና በጨው፣ ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግማ አጥባዋለች። ሶሱ ደም መስሏት። "ልጄ ደክሟት ሳታጥበው ቀርታ ነው ብዬ" አለች። ጥሩ የሠራች መስሏት ኮራ ብላለች።

"ለምን አትጠይቂኝም?" አልኳት። ስለ ዶሮው ነበር የጀመርኩት። ከዚያ አፌ በራሱ ቀጠለ። "ሁሌ ራስሽ ትወስኛለሽ! አባቴ ሞቶ እንኳ ዓመት ሙሉ 'ተኝቷል፣ መስጊድ ሄዷል' ስትዪኝ ከረምሽ!"

ሎሚውን እንደያዘች ቆመች። "ብነግርሽ ማን ነበር የሚይዝሽ? በሰው ቤት ማን ነው አይዞሽ የሚልሽ?"

በጣም ተናድጄ ነበር። ከመጣሁ ጀምሮ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር ይሄ ንዴት ነው። ጠርሙሱ ውስጥ በቀረው ሶስ እንደገና ዘፈዘፍኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጋገርኩት። መብራት አንዴ ጠፍቶ መጣ። ኦቨኑን እየከፈትኩ ማርና ሶስ ቀባሁት፣ ደግሜ ቀባሁት። ቆዳው ቀላ፣ አብረቀረቀ፤ ክንፉ ጫፍ ላይ ትንሽ አረረ። ከትናንት ወዲህ ከእማ ጋር አልተነጋገርንም፤ እኔ ስቀባ እሷ ታያለች።

"ይሄ ነው እንዴ በስልክ የነገርሽኝ?" አለች።

"መቼ?"

"የዚያን ቀን። የአባትሽ ጀናዛ ሳሎን እያለ ደወልሽ። ካላነሳሁ ትጠረጥራለች ብዬ አነሳሁት። አዲስ የዶሮ አሠራር ተማርኩ ብለሽ አንድ በአንድ ነገርሽኝ። አፌን በሻርፔ ይዤ ሰማሁሽ። ከዚያ ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ማር የሚለው ብቻ ነው።"

አስታወስኩት። እየሳቅሁ ነበር የማወራው። "ደህና ናችሁ?" ስላት "ደህና ነን፣ ቀጥዪ" ብላኝ ነበር።

ዶሮው መሃላችን ቀዘቀዘ። ወንበሬን ወደ እሷ አስጠጋሁና "ስልኩን ከዘጋሁት በኋላስ?" አልኳት። ስለ አባባ ስጠይቃት የመጀመሪያዬ ነው። ማን እንዳጠበው፣ ማን እንደተሸከመው፣ እሷ የት ተቀምጣ እንደነበር፣ ሁሉንም ነገረችኝ። እስከ መጨረሻው ሰማኋት። አላለቀስኩም፤ ግን አንድም ቃል አላመለጠኝም።