ተሳፋሪ አጉረምርሞባት የማያውቅ ሚኒባስ

ለተከበሩ አቶ ገዱ እንግዳው
የእድራችን ሊቀመንበር
ደባርቅ

ጉዳዩ፦ ስለሸጡልኝ ሚኒባስ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበሩ ሊቀመንበር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን አለ? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይ ደግሞ ምላስዎ ደህና ነው? እኔ ዛሬ ጠዋት ከደረሰብኝ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የጠዋቱን ቶሎ ቶሎ ልንገርዎ። ለልጄ ለቃለ አብ ሚስት ልንጠይቅለት፣ የነፍስ አባታችንን ቄስ ገብረ ሚካኤልንና ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ፣ ውርጩ ሳይለቅ፣ በዚያችው ሚኒባስ ወደ ዳባት ወረድን። ወቅን ላይ መንገድ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ባርኔጣውን እያወለቀ አንገቱን ደፋልን። እኔም «ወይ ሰው አክባሪ አገር!» ብዬ እጄን አወዛወዝሁለት። ዳባት ከአቶ ደርቤ ደጅ ቆመን፣ አራታችንም ጋቢ ተከናንበን፣ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ስንወርድ፣ የልጅቱ እናት ወይዘሮ በለጠች በር ከፍተው ወጡ። መጀመሪያ መኪናዋን አዩ፣ ቀጥሎ እኛን። ከዚያ «የሺዋስን! መተማ የላክሁትን ልጄን!» ብለው ደረታቸውን ይደቁ ጀመር።

ቄሱ ሊያረጋጉ «እናቴ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ» አሉ። መርዶ ነጋሪ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። አንዱ ሽማግሌም «ለክፉ አልመጣንም፣ ብቻ ጠንከር ይበሉ» ብለው ጨመሩበት። ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢውን ሞላው። የሺዋስ ስልኩን እስኪያነሳ ድረስ ግማሹ ዳባት አልቅሶለታል። ሲያነሳም ከእንቅልፉ ነቅቶ በቁጣ ነው፤ «በእሁድ ምን ሆናችሁ?» አለ።

ከለቃሾቹ አንዱ፣ አቶ አለምነህ የሚባሉ፣ እንባቸውን ጠርገው የሚኒባሷን ጎን መታ መታ አደረጉና «ይቺማ የኛ የዳባት እድር የሸጣት የሬሳ መኪና አይደለችም እንዴ? ጥቁር ነበረች፤ ነጭ ማን አለበሳት?» አሉ።

ያለበሷት እርስዎ ነዎትና ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አንዲት ቃል አልዋሹኝም። የምጠይቀውን ሁሉ አስቤ ነበር የመጣሁት። «ተገልብጣ ታውቃለች?» ስልዎ «ኧረ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው» አሉ። «ማን ነበር የያዛት?» ስልዎ «አንድ እጅ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ነው የምትመላለሰው» አሉ። «ተሳፋሪስ?» ስልዎ «አንድም ተሳፋሪ አጉረምርሞባት አያውቅም» አሉኝ። እውነት ነው። መልስ የጠየቀም አልነበረም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ «ተለቅሶባት ታውቃለች?» ብዬ አልጠየቅሁም።

ሁለተኛ፣ ቀለሙ። ሲደርቅ ወተት ይመስላል። ጤዛና ውርጭ ሲነካው ግን ግንባሯ ላይ «ነፍስ ይማር» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። እኛ ውስጥ ሆነን አናየውም፤ የወቅን ሰውና ወይዘሮ በለጠች ግን አንብበውታል። የትራፊክ ፖሊሱም ጠዋት ጠዋት ለምን ሳያስቆመኝ እንደሚያሳልፈኝ ገባኝ። ለዚህ እንኳ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛውን ባለቤቴ ዘቢደር «ነውር ነው፣ እሱን አትጻፍ» ስላለችኝ ዘልየዋለሁ። መቀመጫዎቹ ሥር ስላሉት ሁለት ረጃጅም ብረቶች ነው። ከዚህ በላይ አልልም።

አራተኛ፣ መሪዋ ወደ ግራ ይስባል። መካኒኩ ጎማው ነው ይለኛል፤ እኔ ግን የምትስበው የቤተ ክርስቲያን መታጠፊያ ስትደርስ እንደሆነ አይቻለሁ። ከሁለተኛ ማርሽ በላይም እንቢ ትላለች። ከኋላዋ ለቀስተኛ በእግሩ የሚከተላት እየመሰላት ይሆናል፤ ሥርዓት አዋቂ ናትና አልፈርድባትም።

አምስተኛ፣ እድራችን የሬሳ መኪና አጥቶ ሬሳ በትከሻ ሲሸከም፣ በስብሰባ ላይ ተነስተው «እዚህ አገር ለሽያጭ የሚቀርብ የሬሳ መኪና የለም» ያሉት እርስዎ ነበሩ። ያን ቀን መኪናዋ ግቢዎ ውስጥ ቀለሟ እየደረቀ ነበር። ግቢዎ አገር አይደለምና ይህም ውሸት አይደለም። ለቀብር የሚፈልጋት እድር እያለ፣ ለሠርግ የምሯሯጠውን እኔን ስለመረጡ ያከበሩኝን ያህል ማንም አላከበረኝም።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። ወይዘሮ በለጠች ከመሬት ተነስተው ያሉንን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርዎ፦ «ወንዱን ልጄን ገድላችሁብኝ ሴቷን ልትወስዱ ነው? መኪናዋን የሸጠላችሁ ሰው ራሱ በእግሩ ይምጣ። ምን እንደነበረች እያወቀ መሸጡን በአፉ ይንገረኝ። የሽማግሌውን ነገር ያኔ እሰማለሁ።» ቃለ አብ ይህን ከሰማ ወዲህ እህል አልቀመሰም። ልጅቱ የትናየት ደጋግማ ትደውልልኛለች፤ ምን እንደምላት ስላላወቅሁ አላነሳሁላትም። ሁለቱ ይፈላለጋሉ፤ መካከላቸው የቆመችው የእርስዎ ሚኒባስ ብቻ ናት።

ስለዚህ በመጪው እሁድ ከእኛ ጋር ዳባት እንዲወርዱልን ጎንበስ ብዬ እለምናለሁ። እንደ ልማድዎ እውነቱን ብቻ ይናገሩ፤ የዚያን ቀን ግን ሙሉውን ይሁን።

ደረስጌ ማርያም ዕድሜዎን ታርዝምልን፣ ሌላው ቢቀር እስከ እሁድ።

ቃልዎን አንድ በአንድ ያመነ፣ አሁንም አንድ በአንድ የሚያስታውስ፣ አክባሪዎ
እንዳለው ቢራራ
(የቃለ አብ አባት)

ግልባጭ፦
ለእድሩ አባላት በሙሉ፣ በእድሩ ቤት በር ላይ የሚለጠፍ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የእርስዎ ቀን ሲደርስ፣ እግዚአብሔር ያርቀውና፣ እኔው በነጻ አደርስዎታለሁ፤ መንገዱን ታውቀዋለች። የመኪናዋን ዋጋ ሳላስቀር ከፍያለሁ። የእድር መሪ ነዎትና ለቅሶ ብድር መሆኑን ለእርስዎ አልነግርም። እስካሁን ያልተከፈለው የወይዘሮ በለጠች እንባ ነው።