ጆሮ የማይሰማው ድምፅ

ይድረስ ለምትናፍቂኝ እናቴ፤

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ በእውነት ተሻለሽ ወይስ ለእኛ ስትይ ነው ደህና ነኝ የምትይው? አባባስ ሳሉ ለቀቃቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ታናሼ ፎቶዬ ላይ ያየችውን የእጄን ፋሻ ነግራሽ እንደደነገጥሽ ሰማሁ። ልብሽ እንዲያርፍ ከመጀመሪያው ላጫውትሽ።

የምሠራበት የልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ስለሆነ ኔትወርክ የሚባል ነገር አይደርስበትም። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ተኳሽ አለች። ተኳሽ ስልሽ የጠመንጃ እንዳይመስልሽ፤ የልብስ ነው። ከተቆጣች አጠገቧ የሚደርስ ስለሌለ ካውያ እንላታለን። ጆሮዋ አይሰማም። መጀመሪያ ሰሞን እኔ የእጅ ምልክት አላውቅ፣ እሷ የከንፈሬን እንቅስቃሴ አትለይ፣ በብጣሽ ወረቀት ስንጻጻፍ እንውል ነበር።

ኋላ አንድ ስልክ ጠጋኝ ስልኮቻችን ላይ ፕሮግራም ጫነልን። የጻፍሽውን የአንቺ ስልክ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሌላው ስልክ ድምፁን ይቀበልና መልሶ ጽሑፍ ያደርገዋል። ድምፁ እጅግ ቀጭን ስለሆነ የሰው ጆሮ አይሰማውም፤ ኔትወርክም አይፈልግም። ካውያ ይህን ስትረዳ ሳቀችና፣ «እንግዲህ እኩል ሆንን፤ አንቺም አትሰሚውም» ብላ ላከችልኝ።

ባለፈው ሰኞ ከትልቁ ማድረቂያ ጀርባ የወደቀ አንሶላ ላነሳ ጎንበስ አልኩ። ከራሴ በላይ የእንፋሎቱ ቱቦ መገጣጠሚያ ሲላቀቅ አላየሁም። ካውያ ከክፍሉ ማዶ አየች። በመካከላችን ጋሪ ተደርድሯል፤ ብትጮህም በማሽኑ ጩኸት አይሰማም። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረኝ። «ቶሎ ውጪ» ይላል። ከካውያ ጋር ክርክር የለም፤ ወጣሁ። ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ቱቦው ፈነዳ፤ እንፋሎቱ እጄን ብቻ ለብለብ አድርጎኝ አለፈ።

ሮጣ መጥታ መጀመሪያ ያደረገችው ትከሻዬን መምታት ነው። ከዚያ አቅፋኝ አለቀሰች። ሐኪሙ በሁለት ሳምንት ይድናል ብሎኛል፤ ቱቦውም ተቀይሯል።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። ታላቅ ወንድሜን ጢሙን ይላጭ በይው፤ ፎቶው ላይ አስፈራኝ። ታናሼን በሁለቱም ጉንጯ ሳሚልኝ፣ ወሬ ማቀበሏን ግን ትቀንስ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ለካውያ የሚሆን ምርቃት አንቺ እየነገርሽ ታናሼ ትጻፍልኝ፤ አደራ፣ አታሳጥሪው። እናቷ በሕይወት ሳሉ ሲመርቋት ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ታይ ነበር እንጂ፣ ምን እንዳሉላት እስከ ዛሬ አታውቅም።

የምትወድሽ ልጅሽ
ከማጠቢያው ቤት በላይ ካለችው ክፍሌ
የካቲት ፱ ቀን